የመስታወቷ እንግዳና የጋሽ ዘውዴ ቀይ እስክርቢቶ

ቶሮንቶ፣ ኅዳር 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ሥርጉት፣

ሰማይን ያለ ምሰሶ ያቆመ አምላክ ቤትሽን፣ ደጅሽን፣ ባልሽን መምህሩን ጋሽ ዘውዴንም ጭምር አጽንቶ ያቆይልኝ። እኛም በዚህ በሪጀንት ፓርክ፣ እኔም እናትሽም፣ በእሱ ቸርነት አለን።

አሁን ደብዳቤውን ትንሽ ራቅ አድርገሽ እዪው። የማን እጅ ጽሑፍ ነው? እስከ ዛሬ ሲጽፍልኝ የኖረው የኢሳያስ አይደለም። የቄሱም አይደለም። የእኔ ነው፣ የሙሉነህ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ያ ዕድሜውን ሁሉ ከጭነት መኪና ኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ በቃ» ሲል የኖረው ረዳት፣ ታርጋ እንኳ ሰው ሲያነብለት የኖረው የአክስትሽ ልጅ፣ ይኸው ብዕር ጨብጦ ካናዳን የሚያህል አገር ላይ ቁጭ ብሎ ይጽፍልሻል።

የቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ውስጥ የእኛንም የፈረንጁንም ፊደል የሚያስቆጥር የማታ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። አስተማሪያችን ጸዮን ትባላለች። በዕድሜ ልጄ መሆን ትችላለች፤ ስትቆጣ ግን አያቴን ታህላለች። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ስንት ነበራችሁ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አንደኛ አንደኛ ነው። አሁን ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር ጽሑፍ፣ የሱቁንም ሁሉ አነባለሁ። እንግሊዝኛ ስለሆነ አይገባኝም እንጂ አነባለሁ።

እማማ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ እኔን ይሳደባሉ። ሲመሻሽ ብቻ አንዳንዴ እንግዳ መጣ ይላሉ። እርጅና ነው፣ አታስቢ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ይህን ደብዳቤ ለጋሽ ዘውዴ ስጪልኝ። ድሮ ሰው እያጻፍኩ የምልከውን ሁሉ በቀይ እስክርቢቶ አርመው «ለጸሐፊህ ስጠው» እያሉ ይመልሱልኝ አልነበር? አሁን ጸሐፊው እኔ ነኝ። ያርሙኝና ከመቶ ስንት እንደማገኝ ልወቅ። እንዳይራሩልኝ ንገሪያቸው። እኔ ግን ከዘጠና በታች አልጠብቅም።

ወንድምሽ ሙሉነህ
(ራሱ የጻፈው)


ደብረ ብርሃን፣ ጥር 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉነህ፣

የእመቤቴ ጥላ ከራስህ ላይ አይነሣ። የሄድክበት ሁሉ ይቅናህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መጀመሪያ አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ትዕቢትህን ሳነብ ሳቅሁ። መስመርህ የእኛን አጥር ይመስላል፤ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ ያዘነብላል። ግን ይነበባል። ለጎረቤት ሁሉ እያዞርኩ «የወንድሜ እጅ ነው» ስል ከረምኩ። ኮርቼብሃለሁ፤ ይህን በጽሑፍ ስላገኘኸው ደግመህ እንዳትጠይቀኝ።

ጋሽ ዘውዴ ሰላም ብለውሃል። ስላላረሙልህ አትቀየም። መነጽራቸው ተሰብሮ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ኢሳያስ ለጥምቀት መጥቶ እኛም ቤት ጎራ ብሎ ነበር። እንደምታውቀው ለሱቁ ዕቃ እየሸመተ ከቶሮንቶው ብሉር ጎዳና ደብረ ብርሃን የሚመላለስ ሰው ነው፤ ዕቃም ወሬም አያጣም። ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ ገብቶ «እናትሽ ከመስታወት ጋር ነው የምታወራው» አለኝ። «ሙሉነህስ ምን ይላል?» ስለው፣ «እሱማ ብሶበታል፤ ከኋላዋ ቆሞ ለመስታወቱ መልስ ይሰጣል» አለኝ።

አንተ ግን «እርጅና ነው፣ አታስቢ» ብለህ በአንድ መስመር አለፍከኝ። የወለደችኝ እናቴ ናት ሙሉነህ። አንተን ያሳደገችህ ብትሆንም የወለደችው እኔን ነው።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ። እናቴ አገሯ ትግባ። እዚህ ጠበል አለ፣ ሰው አለ። ኢሳያስ ከፋሲካ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱ ይዟት ይምጣ፣ ቃል ገብቶልኛል። ከሌለ ሰው ጋር የሚያወራ ሰው በእኛ ሰፈር ምን እንደሚባል ታውቃለህ። የእናቴን ስም ማንም በዚያ አፍ እንዲጠራው አልፈልግም።

እህትህ ሥርጉት


ቶሮንቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ሥርጉት፣

እዚህ በረዶውን እንደ ጥጥ የሚያነጥፈው ጌታ ለአንቺ ሙቀቱን ያድርግልሽ።

ኢሳያስ የነገረሽ እውነት ነው። ግን ጭነቱን መንገድ ላይ አራግፎ ነው ያደረሰልሽ። ሙሉውን ከእኔ ስሚ።

የእማማ መኝታ ቤት የቁም ሣጥኑ በር ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ሲመሻሽ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጠው ቀና ሲሉ አንዲት ነጠላ ያጣፋች አሮጊት ፊት ለፊታቸው ትታያቸዋለች። እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ፤ ሰው ሲገባ ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ብድግ ይሉና «ኖር» ይላሉ። ያቺም ብድግ ትላለች። «በእግዜር» ግን አትልም። እንግዳው «በእግዜር» ካላለ ደግሞ እንዴት ይቀመጣል? እማማ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ያቺም ቆማ ትጠብቃለች። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተፋጠው፣ የእማማ እግር እስኪያብጥ።

እኔ መጀመሪያ በክርክር ገባሁ። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት እኮ» አልኳቸው። «እኔ እዚህ ነኝ፣ እሷ እዚያ ናት። ፊደል ብትቆጥር ሰው መቁጠር ጠፋህ?» አሉኝ። መስታወት መሆኑን ላሳያቸው በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው፣ ሴትዮዋን የመታሁባቸው መስሏቸው እስከ ማግስቱ አኮረፉኝ።

ከዚያ በብልሃት ልሸፍነው አልኩ። ጓዳ ያገኘሁት ጨርቅ ጥቁር ነበር። ሰቀልኩት። ጠዋት እማማ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጥቁር ጨርቅ። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም» አልኩ። ሥርጉትዬ፣ ውጭ አገር ያለ ሐበሻ መርዶ እንዴት እንደሚደብቅ ታውቂያለሽ። ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪመጣ ድረስ «ማንም አልሞተም» ነው የሚባለው። ስለዚህ «ማንም» ባልኩ ቁጥር መርዶው እየተረጋገጠ ሄደ። ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። የጎረቤታችን ቆንጂት ሰምታ ሮጣ መጣች። «ለእኔ እንኳ ትደብቀኛለህ?» ብላ እሷም ቀጠለች። እኩለ ቀን ሳይሆን ቤቱ ሞላ። ሴቶቹ ድስት ድስታቸውን ይዘው በስትሪትካር መጡ። ወንዶቹ ኮሪደሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አንዱ ጆሮዬ ስር ተጠግቶ «ማነው?» አለኝ። «ማንም» ስለው፣ «ግድ የለም፣ ሲወጣልህ ትነግረናለህ» ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። ቄሱ መጥተው ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ሲጠይቁኝ ወንበር ላይ ወጣሁና «ወገኖቼ፣ የሞተ የለም፤ የሸፈንኩት መስታወት ነው» አልኩ። አንዷ ዓይኗን እየጠረገች «ታዲያ ይህን ሁሉ ለማን ነው ያለቀስነው?» አለች። ምግቡን ግን በሉት።

በማግስቱ እማማን እየመጣች የምታያቸው ነርስ መጣች። ሚስ ፐርል ትባላለች፤ የጃማይካ ሰው ናት፤ እንደ እኛ አገር ሴት ወገቧን ይዛ ነው የምትቆጣው። ጥቁሩን አውርዳ ነጣ ያለ፣ አበባም መስመርም የሌለበት አንሶላ አደረገችበት። ቆንጂት እያስተረጎመችልኝ፣ ሳይመሽ መብራት አብራ፣ መጋረጃም ዝጋ አለችኝ፤ ውጭው ሲጨልም መስኮቱም መስታወት ይሆናል። ለካ እንግዳዋ አንዳንዴ በመስኮት ትመጣ የነበረው ለዚህ ነው። «አትከራከራቸው። ምን እንደተሰማቸው ተመልከትና ለስሜታቸው መልስ» አለችኝ።

እስከዚህ የእሷ ነው። ከዚህ በኋላ የእኔ ነው፤ ለጋሽ ዘውዴም ይህን ክፍል ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እማማ ምን እንደተሰማቸው አሰብኩ። ፍርሃት አይደለም። ሰላምታቸው ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። አንሶላው ቢኖርም አንድ ቀን ተነሥተው ወደ ጥግ «ኖር» አሉ። ከኋላቸው ሆኜ ረጋ ብዬ «በእግዜር፣ ይቀመጡ እማማ» አልኩ። ተቀመጡ። «ተመስገን፣ አፍ ያለው ሰው አለ» አሉና መቁጠሪያቸውን አነሡ። ኢሳያስ ያየው ይህንን ነው። ሚስ ፐርልም ለሥራ ባልደረቦቿ እንደነገረችልኝ ገምቻለሁ። እኔ ብሆን እነግር ነበር።

ጠበሉን አልከለከልኩም። ቄሱ ያመጡልናል፣ እሁድ እሁድ ይረጯቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ስለምትይው ግን ቀስ ብለሽ አስቢበት። እዚህ ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤት ግድግዳውን ዳብሰው ያውቁታል። አዲስ ግድግዳ ምን ያሳያቸው ይሆን?

ለጋሽ ዘውዴ መነጽር ልኬያለሁ። ከእንግዲህ ምክንያት የላቸውም።

ወንድምሽ ሙሉነህ
(ራሱ የጻፈው፣ ሁለት ጊዜ ገልብጦ)


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 29 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉነህ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስህ።

ሰው ሳይሞት ለቅሶ የተቀመጥክ አንተ ብቻ ነህ። ለብቻዬ ስቄ ሆዴን አመመኝ።

መነጽሩ ደርሷል። ጋሽ ዘውዴ አድርገውታል፣ አምሮባቸዋል፣ ተባረክ ብለዋል። ደብዳቤህን ያላረሙት የቀዩ እስክርቢቶ ቀለም ደርቆ ነው።

ስለ እናቴ ያልኩት እንዳለ ነው። ኢሳያስ ሲመጣ ሻንጣዋን አዘጋጅተህ ጠብቀው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ለማወቅ ያህል ነው፤ አንዲት ጎረቤቴ ጠይቃኝ ነው። የሚታየው እንግዳ አንድ ባይሆንስ? ቤት ሙሉ ልጅ ቢሆንስ? የሚያየው ሰው ደግሞ እንደ እናቴ ጨዋታ የሚወድ ሳይሆን ቁጡ ወንድ ቢሆን፣ ዱላም ቢያነሣ? «በእግዜር» የማይመልሰው ነገር ቢሆንስ ምን ይደረጋል? ሚስ ፐርል የምትላትን ጠይቃትና ቶሎ ጻፍልኝ። ጎረቤቴ ቸኩላለች።

እህትህ ሥርጉት


ቶሮንቶ፣ ግንቦት 10 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ሥርጉት፣

እንኳን ጾሙን አስፈታሽ። የምጽፍልሽን አንብበሽ ስትጨርሺ ብትረግሚኝም፣ መጀመሪያ ግን ጨርሺው።

እማማን አልላክኋቸውም።

ልልካቸው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የማላውቃቸው ሰው ሆኑ። አንሶላው ላይ ጉንዳን ይታያቸዋል፤ ከአልጋው ስር ሰዎች አሉ ብለው ይጮኻሉ፤ እኔን «ሌባ» ብለው ቤቱን አስለቀቁኝ። «በእግዜር» ብል፣ መብራት ባበራ፣ ምንም። ያ ሁሉ ጉራዬ እንዴት እንደተነፈሰ ብታዪ ታዝኚልኝ ነበር። ሥርጉት ልክ ናት አልኩ። ሻንጣቸውን በእጄ አዘጋጀሁ። ኢሳያስ ሊወስዳቸው መጥቶ በር ላይ ቆሞ ሳለ ሚስ ፐርል ደረሰች። ግንባራቸውን ዳሰሰች። «ይህ መቼ ጀመረ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ከሰኞ እስከ ሐሙስ እንዲህ የሚለውጥ ሐኪሞቹ አለባቸው ያሉት የመርሳት በሽታ ብቻውን አይደለም። ሌላ ነገር አለ። ወደ አውሮፕላን ሳይሆን ወደ ሐኪም ውሰዳቸው» አለች።

የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። በወጣት ሰው ላይ ቢሆን ያቃጥላል፤ በአሮጊት ላይ ግን አንዳንዴ አእምሮን ያምሳል አሉኝ። መድኃኒት ሰጧቸው። ጉንዳኖቹ ሄዱ። ሰዎቹም ሄዱ። አንድ ቀን ሲመሻሽ እማማ ብድግ ብለው ወደ ጥግ «ኖር» አሉ። ሥርጉት፣ ያቺ እንግዳ ተመልሳ በመምጣቷ ደስ ሲለኝ አስቢው። «በእግዜር» አልኩ።

ኢሳያስ ብቻውን ተሳፍሯል። ተቆጥቷል። ሻንጣውን ፈትቼዋለሁ። አልልክም፤ እኔ ያልኩት ይህ ነው።

አሁን ለጎረቤትሽ። የሰውየውን ዓይን ለሐኪም ታሳይ፣ ጆሮውንም። ባንድ ጊዜ ከተባባሰ ሐኪም። መጋረጃና ምንጣፍ አበባና መስመር ያለበት ከሆነ ይነሣ፤ አበባው ፊት ይሆናል። እኛ በር ላይ የነበረው ጥቁር ምንጣፍ ለእማማ ጉድጓድ ነበር፤ ለወራት ለምን እንደሚዘሉት አላወቅሁም። ሲቆጣ ፊቱ አትቁም፤ ትንሽ ራቅ ብላ ረጋ ባለ ድምፅ ታናግረው፣ መውጫውን አትዝጋበት። ዱላውን ደግሞ ከዓይኑ ታርቀው።

የእኔንም ጥፋት ትማርበት። አንዴ «በእግዜር» ማለት ሲሳካልኝ እብሪት ያዘኝና እንግዳዋን ሆኜ ማውራት ጀመርኩ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። እማማ ደስ አላቸው። ከዚያ እንግዳዋ ካልበላች አልበላም አሉ፤ አልጋቸውንም ለእሷ ለቀው ወንበር ላይ ሊያድሩ ተነሡ። ሚስ ፐርል ምን እንዳለችኝ አልጽፈውም። ስለዚህ የሚያየውን አትካዱት፣ ግን አትጨምሩበት። ሰላምታውን መልሶ ወደ ሻይ ነው።

ቤት ሙሉ ልጅ ላልሽው ግን መልሱን አላውቅም፤ አላውቅም ስል ስንት ጊዜ ሰምተሽኛል? ልጆቹ ምን ሲያደርጉ ነው የሚታዩት? ሰውየው ከእነሱ ምን ይፈልጋል? እሱን ተመልከቺ። እማማ የፈለጉት አንዲት ቃል ነበር።

እና እትዬ ሥርጉት፣ ጎረቤትሽ ማን ናት? ስሟን አልነገርሽኝም። ጋሽ ዘውዴስ ለምን አላረሙኝም? ያልደረቀ እስክርቢቶ ደብረ ብርሃን ሙሉ ጠፍቶ ነው?

ወንድምሽ ሙሉነህ


ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉነህ፣

ለእናቴ ዕድሜ፣ ለአንተም ትዕግሥት የሰጠ አምላክ ስሙ ይመስገን። መልስ ያዘገየሁት ተቆጥቼ አይደለም። ጀምሬ እየቀደድኩ ነው።

ጎረቤት የለችም። እኔው ነኝ።

ጋሽ ዘውዴ ካለፈው ዓመት ክረምት ጀምሮ ተማሪ ይታያቸዋል። ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ተከትለው ልጆች ይቀመጣሉ። «ደብተር አውጡ» ይላሉ። አያወጡም። እንደገና ይላሉ። ጠመኔ የያዙ ይመስል እጃቸውን አንሥተው ሲያስተምሩ ይቆያሉ፣ እግራቸው እስኪከዳቸው። በመሃል ካለፍኩ ክፍል የረበሽኩ እኔ ነኝ፤ አንዴ ዱላው ትከሻዬን አግኝቶኛል። መነጽራቸው አልተሰበረም ነበር። እስክርቢቶውም አልደረቀም። ደብዳቤህን ሳነብላቸው አዳምጠው «የማን ልጅ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል።

ይህ ከተማ ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው። መንገድ ላይ ባርኔጣ የሚያወልቅላቸው ሁሉ በመስኮት አንገቱን ቢያስገባ ምን ያያል ብዬ መስኮት ዘጋሁ። ጉንፋን ይዟቸዋል እላለሁ። እያነበቡ ነው እላለሁ።

እና እናቴን ለምን እንደፈለግኋት ልንገርህ። እውነት ናፍቃኛለች። ግን ያን ያህል ያቻኮለኝ ናፍቆት አልነበረም። እሷ ከመጣች ሁለቱንም ይዤ ጠበል እሄዳለሁ፣ የሚያየኝ ሁሉ «ለእናቷ ነው» ይላል፣ እሳቸውን ማንም አያነሣም ብዬ ነው። እናቴን ለባሌ መሸፈኛ ላደርጋት ነበር። አንተ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልክ፤ እኔ እናቴን ልሰቅል ነበር።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጆቹ ምንም አይፈልጉም። የሚፈልጉት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ደክሟቸዋል፣ ግን ትምህርቱ አያልቅም፤ ደወል የሚመታ የለማ። ትምህርት ቤታቸው ደወሉ ምን እንደነበር ታስታውሳለህ? ዛፍ ላይ የተሰቀለ የጭነት መኪና ቸርኬ። ጋራዥ ሄጄ አንድ አሮጌ ቸርኬ አመጣሁና ጓሮ ባሕር ዛፉ ላይ አሰቀልኩ። በማግስቱ ሲያስተምሩ ወጥቼ በብረት መታሁት።

ስገባ ቆመው አገኘኋቸው። እጃቸውን ጠመኔ እንዳለበት አራገፉ። «በሉ ሂዱ። ነገ እንዳትቀሩ» አሉ ለግድግዳው። ከዚያ ዞር ብለው «ሥርጉት፣ ምሳ አለ?» አሉኝ። በስሜ ከጠሩኝ ቆይተው ነበር።

ደወሉን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በር ተንኳኳ፣ «ምንድን ነው እሱ?» ተባልኩ። በሩን ከፍቼ «ጋሽ ዘውዴ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ነው፤ ታመዋል፣ ግቡና ጠይቋቸው» አልኩ። መስኮቱንም ከፈትኩ። አሁን ሲያልፍ ገባ ብሎ ሰላም የሚላቸው አይጠፋም፤ ጎልመስ ያለ ሰው ሁሉ «ቲቸር» እያለ ይገባል። ሐኪም ቤትም ወስጄያቸው የዓይን ሞራ እንዳለባቸው ተነገረኝ። ባለ መስመሩን መጋረጃ ካወረድኩ ወዲህ ተማሪው ቀንሷል።

እናቴን አትላክ። ደህና እጅ ላይ ናት።

እህትህ ሥርጉት


ቶሮንቶ፣ መስከረም 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ ሥርጉት፣

አዲሱን ዓመት የቤትሽ ወጋግራ ያድርግልሽ፤ የሚደገፉብሽ እንዳይወድቁ።

ደብዳቤሽን ስትሪትካር ላይ ሆኜ ራሴ አነበብኩት። ሰው እያነበበልኝ ቢሆን ኖሮ ሰውየውን አስለቅሰው ነበር፤ አሁን ግን አላለቀስኩም፣ ከመውረጃዬ አለፍኩ እንጂ።

እህቴ፣ እኔ በትንሽ ነገር የምኮራ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። ይህ ግን ትንሽ አይደለም። ሚስ ፐርልን አስተርጉሜ ነገርኳት። «ይህን ደወል ማን አስተማራት?» አለችኝ። ልዋሽ ነበር፤ አፌን ከፍቼም ነበር። «ራሷ ናት» አልኩ። ወንድሟ ነኝ ማለቱን ግን አልተውኩም።

ደግሞ ቸርኬ። ዕድሜዬን በሙሉ በጋሽ ዘውዴ ትምህርት ቤት በር ስናልፍ መኪናው ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ያ ደወል ሲመታ ሾፌሩን «የየትኛው መኪና ቸርኬ እንደሆነ በድምፁ እነግርሃለሁ» እያልኩ እወራረድ ነበር። ያወቅሁት ትምህርት ቤት ያ ብቻ ነበር፤ ከደወሉ በቀር ምንም አልደረሰኝም። አንቺ ደግሞ በእኔ በረዳቱ ዕቃ የእሳቸውን ትምህርት ቤት መልሰሽ ከፈትሽላቸው።

እማማ እግራቸው ደክሟል፤ አሁን ቁጭ ብለው ነው «ኖር» የሚሉት። እንግዳዋም ደክማለች መሰል ቁጭ ብላ ትቀበላቸዋለች። ስምሽን ስነግራቸው አንዳንዴ «ልጄ ናት»፣ አንዳንዴ «እናቴ ናት» ይላሉ። ሁለቱንም «አዎ» እላለሁ።

ከእንግዲህ አርሙኝ አልልም። ደብዳቤውን ብቻ አንብቢላቸው፤ በጨዋ ድምፅ፣ ቀስ ብለሽ።

ወንድምሽ ሙሉነህ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉነህ፣

ጽዮን ማርያም ዓመት ከዓመት ታድርስህ። በፖስታው ውስጥ የራስህን ደብዳቤ ስታገኝ አትደንግጥ። ተመልሶልህ ነው።

ሳነብላቸው ከእጄ ወሰዱት። መሳቢያውን ከፍተው ቀዩን እስክርቢቶ አወጡ። እንዳየኸው ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የእርማት ምልክት አለ። ስምህ ላይ፣ ቀኑ ላይ፣ ምንም ባልጻፍክበት ጠርዝ ላይም አለ። ቃላቱን ይወቋቸው አይወቋቸው አልልህም፤ አላውቅም። ከመቶ ስንት እንዳገኘህም አልጻፉም። ጨርሰው እስክርቢቶውን ሲያስቀምጡ «ይህ ልጅ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ። «ዘንድሮ የተመዘገበ ነው» አልኳቸው። ጨመርኩ መሰል፤ ሚስ ፐርል አትስማ።

ከዚያ ወዲህ ስም ሲጠሩ ያንተንም ይጠራሉ። «ሙሉነህ» ይላሉ። መልስ የለም። ሌሎቹን ዝም ብለው ያልፏቸዋል፤ አንተ ጋ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። «ይህ ልጅ ዛሬም ቀረ» ብለው ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ «አቤት» አልኩላቸው። ዞር ብለው ካዩኝ በኋላ «አንቺ ሙሉነህ ነሽ?» አሉኝ። ጎረቤት ሁሉ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

ስለዚህ ይህ የአንተ ሥራ ነው። መጻፍ ችያለሁ እያልክ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አድርቀሃል። በራስህ እጅ መልስላቸው።

እህትህ ሥርጉት


ቶሮንቶ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሽ ዘውዴ፣

ጤናዎን፣ ክብርዎን፣ ደወልዎንም እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ።

በቀይ ምልክት ያደረጉበትን ወረቀት በመስታወት አስገጥሜ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፤ ገብቶ ያላየው ሐበሻ ቶሮንቶ ውስጥ የለም። እማማ ሲያልፉ አይተውት «ኖር» ብለዋል። ለእርስዎ ነው ብዬ ወስጄዋለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ ሆነው አንዴ «በእግዜር» ይበሉልኝ።

ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ ዝም ያልኩት መንገዱ ርቆብኝ ነው እንጂ ቀርቼ አይደለም። እትዬ ሥርጉት ይህን በየቀኑ በተራዬ ታነብልዎታለች።

አቤት።

ተማሪዎ ሙሉነህ